አምባው እንዳለው

«አምባው እንዳለው» አለ አዲሱ፣ ከአግዳሚው ላይ ብድግ ብሎ ኮቱን እየቆለፈ፣ «ቤታችን ጠባብ ነው፤ የመጣ ሰው ግን አይቆምም!»

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁን ስለዋጠበት አዲሱ ጥቅሱን ደገመው። ሁለተኛም ተሳሳተ።

ሔርሜላ የንፍሮውን ሰሃን እንደያዘች ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ ቀረች። «ቆሞ አያውቅም» ነው የሚለው። «አይቆምም» ማንም ይላል። «ቆሞ አያውቅም» ሲባል ግን ቤቱ ዕድሜ አለው፤ ከዚህ በፊት ብዙ ሰው መጥቶበታል፤ ለሁሉም ቦታ ተገኝቶለታል። ያቺን አንዲት ቃል ለማግኘት ስንት ወረቀት ቀዳድዳ እንደጣለች የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። ልታርመው አሰበች፤ ተወችው። የሞተው ወንድሟ ነው። በወንድሟ ለቅሶ ላይ የሰው አፍ የምታርም እህት ምን ልትባል ነው?

አዲሱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሥራ ሂደት ባለቤት ነው። ስብሰባ መምራት ስለለመደ ለቅሶም ላይ ቁጭ ብሎ መናገር አይሆንለትም። «የመሥሪያ ቤታችንን ራዕይና ተልዕኮ ያተመልን እሱ ነው» ሲል ቀጠለ። «ፍሬሙን ሰቅሎ ሲጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየና ‹ጋሽ አዲሱ፣ ይሄ ለቢሮው ነው፤ ለቤትዎ ደግሞ ሌላ አለኝ› አለኝ። ይሄ ልጅ ዕድል ቢያገኝ ኖሮ ትልቅ ደራሲ ይሆን ነበር። ምን ያደርጋል፤ ቃሉ ሁሉ አብሮት አፈር ገባ።»

«አፈር ገባ» አሉ ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ።

ሔርሜላ ሰሃኑን አጠገቧ ላለችው ለጎረቤታቸው ለሠናይት አቀበለችና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ጥርሷን ነክሳ ስለነበር መንጋጋዋ አመማት።

አምባው የሞተው ከቢታ ገነት ሲመለስ ነው። እዚያ አዲስ ለተከፈተ የእንግዳ ማረፊያ የተሠሩትን ጥቅሶች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወስዶ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ ሚኒባሱ ዝናብ ያለሰለሰው ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች እጃቸውን እግራቸውን ተጎድተው ሲተርፉ እሱ ብቻ ቀረ። ከተቀበረ ወዲህ ሔርሜላ እናቷ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ውሃ ትቀዳለች፤ ሰሃን ታነሳለች፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የሚጠራቀመውን ጭቃ በአካፋ ትገፋለች። ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ።

«አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም እኮ።»

«ደንግጣ ነው» ትላለች ሠናይት። «ሲወጣላት ታለቅሳለች።»

ሔርሜላ ይህን ሁሉ ትሰማለች። መደንገጥ አይደለም፤ ንዴት ነው። ንዴቱ ደግሞ ሟች ላይ ስለሆነ የት እንደምታደርሰው ግራ ገብቷታል።

ሱቃቸው ከቦንጋ መናኸሪያ ወረድ ብሎ፣ በባጃጅ ጥገናና በጸጉር ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ላይ «አምባው ማስታወቂያና ጥቅስ» ይላል። ሔርሜላ ጅማ የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ በተመለሰችበት ዓመት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ራዕዩን፣ ተልዕኮውን፣ እሴቱን ግድግዳ ላይ እንዲሰቅል ታዝዞ ነበርና ሥራ አላጡም። እሷ ትጽፋለች፤ ታትማለች፤ ወረቀቱን በፕላስቲክ ለብጣ ላሚኔት ታደርጋለች። አምባው እየዞረ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ወስዶም ይሰቅላል።

ጥቅሱ የተጀመረው ከዚያ በተረፈ ወረቀት ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ እስኪመጣ ስትጠብቅ አንድ ሐሳብ መጣላት። መብራቱ ሲመለስ በትልልቅ ፊደል ጻፈችው፤ ዙሪያውን ጫካ ውስጥ በሚበቅለው የፈርን ቅጠል ሥዕል ከበበችው። አምባው በሩ ላይ ለጠፈው። ለክሊኒክ ካርድ ክፍል ቢሆን ብላ ነበር ያሰበችው፤ «ተራህ እስኪደርስ አጠገብህ ያለውን ሰው ስሙን ጠይቀው» ይል ነበር። በማግስቱ አንዲት ሴትዮ ከመንገድ ገብታ ካልገዛሁ አለች።

«ማን ነው የጻፈው?» ስትል ጠየቀች ሴትዮዋ።

«እኔ ነኛ!» አለ አምባው፤ ወደ እህቱ ዞሮም ዓይኑን ጠቀስ አደረገ። ሔርሜላ ሳቀች። ቀልድ ነበር። ሴትዮዋ እጁን ጨብጣ፣ ግንባሩን ስማ፣ «አንተ ልጅ አንድ ቀን ትልቅ ቦታ ትደርሳለህ» ብላው ሄደች። አምባው ሴትዮዋ ከሄደችም በኋላ ያንን ግንባሩን በእጁ እየነካ ቆመ። ሔርሜላም ያን ጊዜ ነው መሳቅ ያቆመችው።

ከዚያ ወዲያ ቀልዱ እውነት ሆኖ ቀረ። «የአምባው ጥቅስ» ተባለ። ሻይ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ የሙሽራ ቤቱ ሁሉ የአምባውን ጥቅስ ፈለገ። አምባው ቤት ለቤት ይሄዳል፤ ሲመለስ ወንበር ገልብጦ ይቀመጥና የሄደበትን ቤት ይነግራታል።

«አናጢው ዋለ ቤት ነበርኩ» ብሏት ነበር አንድ ቀን። «ሔርሚ፣ የሚያምር ቤት ነው። ወንበሩን ሁሉ ራሱ ነው የሠራው። ግን እሱ በር ላይ፣ ሚስቱ ጓዳ። መሀል ላይ ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርገው ከፍተውታል፤ ማንም አያየውም። እሳት ሊጭሩ የጎረቤት ልጆች ሲገቡ ነው ሁለቱም ፊታቸው የሚፈታ። ተኳርፈዋል እኮ። መኳረፋቸውንም የረሱት ይመስለኛል።»

ሔርሜላ ያንን ቤት ረግጣው አታውቅም። ግን ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ተሰማት። «ትናንት ማን እንዳኮረፈ ረስተናል፤ ዛሬ እሳቱን ማን እንዳነደደ ግን እናውቃለን» ብላ ጻፈች።

«አንብቢልኝ» አላት አምባው። አነበበችለት። «እንደገና።» ደግማ አነበበችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አዳመጠ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። ወረቀቱን አይቀበላትም፤ ከአፏ ነው የሚወስደው። ለምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አንስተውት አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል አናጢው ዋለና ሚስቱ ለቅሶ ደረሱ። ሚስትየው ከሴቶቹ ጋር ሆና አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ሔርሜላን ወደ ጎን ጠራቻት።

«አንቺ እህቱ ነሽ አይደል? የኔ እናት፣ ወንድምሽ ትዳራችንን ነው ያቆመልን።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሔርሜላ ባጭሩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች። አሁን ጥቅሱን ትላለች፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች።

ሴትዮዋ ግን ጥቅሱን አላለችም። «ሊሰቅልልን የመጣ ቀን» አለች፣ «ምስማሩን ለባሌ ሰጠው፤ መዶሻውን ለኔ። ‹እኔ እጄን አሞኛል፣ እናንተው ስቀሉት› አለን። እጁን ምንም አላመመውም፤ ውሸቱን ነው። ባሌ ምስማሩን ይዞ፣ እኔ መዶሻውን ይዤ... ጣቱን እንዳልመታው ስፈራ፣ እሱም እንዳልስት ሲፈራ... እንዴት ብለን ዝም እንበል? ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ነው የተነጋገርነው። ወንድምሽ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከት ብሎ ይስቃል።»

ሔርሜላ ይህን አታውቅም ነበር። አምባው ሲመለስ «ሰቀልነው፤ ወደዱት» ብቻ ነበር ያላት። ሴትዮዋን አቅፋ ማመስገን እንዳለባት ተሰማት፤ ሆኖም ሌላ ስሜት ቀደማት። ይህንንም ደብቆኝ ነበር፤ ስንት ነገር ነው የያዘብኝ? አለች በልቧ። ተናደደች። በመናደዷም ደግማ ተናደደች።

ባልና ሚስቱ ሲወጡ አብዱልሃኪም ገቡ። ገበያው ውስጥ የፍሬምና የመስታወት ነጋዴ ናቸው፤ ቤተሰባቸው ከስልጤ መጥቶ ቦንጋ ከከተመ ቆይቷል። የአምባው ጥቅስ ሁሉ ፍሬም የሚገባው እሳቸው ሱቅ ነበር። ሚስታቸው ፈሪዳ ያዘጋጀችውን ምግብ በትልቅ ድስት አሸክመው መጥተዋል።

«አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጣችሁ» አሉ ከእናቲቱ ፊት ጎንበስ ብለው። ጥቂት ተቀምጠው ሲነሱ ሔርሜላን ከድንኳኑ ውጪ አገኟት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አሁን ጊዜው አይደለም፤ ግን የሱቃችሁ ቤት ባለቤት እየጠየቀኝ ስለሆነ ነው። ሱቁን ለሌላ ከሚሰጠው እኔ ልያዘው ብዬ አስቤያለሁ። ለዕቃ ማስቀመጫ ይሆነኛል። አንቺም እንዳትቸገሪ እኔ ጋ ገብተሽ መሥራት ትችያለሽ። የታተሙትን እየደጋገምን እንሸጣለን።»

«ሱቁን እኔ እኮ ልቀጥል ነው፣ ጋሽ አብዱልሃኪም።»

«በምን ልጄ? የቢሮው ሥራ አለቀ፤ ሁሉም ሰቅሏል። ያለሽ ጥቅሱ ነበር። ጥቅሱ ደግሞ...» እጃቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አደረጉ።

«አዲስ እጽፋለሁ።»

አብዱልሃኪም በርኅራኄ አዩዋት። ያ አስተያየት ከስድብ በላይ አንጀቷን አሳረራት። «አንቺ ጎበዝ ነሽ» አሉ። «እንዳንቺ አሳምሮ ፊደል የሚደረድር የለም። ይህንን አምባው ሁሌም ይነግረኝ ነበር። ቃል ግን ተሰጥኦ ነው።»

እናቷ በዛወርቅ ፊቷን ልትታጠብ ማድ ቤት ስትገባ ሔርሜላ ተከትላት ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው። ውጪ፣ ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት አክስት በካፊኛ ቋንቋ እያንጎራጎሩ ሲያለቅሱ ይሰማል።

«እማዬ፣ ጋሽ አብዱልሃኪም ሱቁን ሊይዙት ነው። ቃሉ ከአምባው ጋር ሄዷል ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ይበሉ?» አለች እናቷ፤ ውሃውን በእፍኟ ይዛ።

«አንቺ ማን እንደሚጽፈው ታውቂያለሽ።»

በዛወርቅ ውሃውን ፊቷ ላይ አፈሰሰች። ደግማ ቀዳች፤ ደግማ አፈሰሰች። «አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ።

ሔርሜላ እንዲህ በቀላሉ ይመለስልኛል ብላ አልጠበቀችም ነበር። «ታውቂያለሽ? አውቀሽ ነው ድንኳን ሙሉ ሰው ‹አምባው እንዳለው› ሲል ራስሽን የምትነቀንቂው?»

«ቀስ በይ። ሰው አለ።»

«ቢታ ገነት የሄደ ለት ተጣልተን ነው የሄደው!» አለች ሔርሜላ። ይህን ለማንም አልተናገረችም ነበር። «ከእንግዲህ ስሜ ከሥሩ ካልተጻፈ አልጽፍም አልኩት። እሺ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ለጋሽ ለገሰ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ ብሎ ማለልኝ። የመጨረሻ የተነጋገርነው እሱን ነው እማዬ። ደህና ግባ እንኳ አላልኩትም።»

እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን አደረቀች። «ለኔም ነግሮኝ ነበር» አለች። «ያን ዕለት ጠዋት ይችው ቦታ ቆሞ። ‹እማ፣ ልነግራቸው ነው፤ ሔርሚ ተከፍታለች› አለኝ። ተው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ተው አልኩት። ሰው ዛሬ ቀና ብሎ የሚያይህ በዚህ ነው፤ በገዛ እጅህ አታፍርሰው አልኩት።»

ሔርሜላ ግድግዳውን ተደገፈች። እናቷ ዓይኗን አልሰበረችም። ይቅርታም አልጠየቀችም።

«አባትሽን አንቺ የምታውቂው ደግ ሆኖ ነው» አለች በዛወርቅ። «መምህር ሀብተሥላሴ። ላንቺ ደግ ነበር። አምባው ላይ ፊደል ይገለባበጥበት ነበር። ዛሬ ያወቀውን ነገ አያገኘውም። አባትሽ መታው፤ አስራበው፤ አልሆነም። ከዚያ አንቺ ገና ትምህርት ቤት ሳትገቢ ከሱ ደብተር ላይ ቁጭ ብለሽ አነበብሽ። አባትሽ ደስታውን አልቻለውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ያስነብብሻል፤ ሰው ያጨበጭባል። ከዚያ እሱን ይጠራውና ‹በል አሁን ደግሞ አንተ› ይለዋል። በሰው ፊት። በየጊዜው። ልጁ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።»

ሔርሜላ ጠረጴዛውን ታስታውሳለች። ጭብጨባውን ታስታውሳለች፤ የተሰጣትን ከረሜላ ሳይቀር። አምባው የት ቆሞ እንደነበር ግን ምንም አታስታውስም።

«አንቺን አንድ ቀን ጠልቶሽ አያውቅም» አለች እናቷ። «እኔ ብሆን እጠላሽ ነበር። እና ከስንት ዓመት በኋላ ያንቺን ቃል ይዞ ሰው ፊት ቆመ፤ ሰው ደግሞ ለሱ አጨበጨበለት። ልቀማው? አንቺ ነገም ትጽፊያለሽ። እሱ ሌላ ምን ነበረው?»

«እኔስ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

«ነሽ» አለች በዛወርቅ። «ለራስሽ የምትበቂ ልጄ ነሽ።» ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሔርሜላ የታጠበውን ብርጭቆ ሁሉ እንደገና አጠበችው።

የቢታ ገነቱ ጋሽ ለገሰ የመጡት በማግስቱ ነው። ረጅም መንገድ በጭቃ ስለመጡ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተበላሽቷል። ድንኳኑ ያን ዕለት ሞልቶ ነበር፤ አዲሱም አለ፣ አብዱልሃኪምም አሉ፣ ሴቶቹም በአንድ በኩል ተደርድረዋል። ሔርሜላ ሰውዬውን ስታይ ወደ ድንኳኑ ገባች። አምባው ምን እንዳደረገ የሚያውቁ ሰው ቢኖሩ እኚህ ናቸው። እናቱን ሰማ ወይስ እህቱን?

ጋሽ ለገሰ አልቅሰው፣ አጽናንተው፣ ሲረጋጉ ያን ቀን መተረክ ጀመሩ። አምባው ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እየፈታ እንዴት እንደሰቀለ፣ ሠራተኞቹን እያሳቀ ምሳውን እንዴት እንደበላ ተናገሩ። መግቢያው ላይ የተሰቀለውን በቃላቸው አሉት። «ስትመጣ እንግዳ ነበርክ፤ ስትሄድ ስምህን ጠርተን እንሸኝሃለን።» አንድም ቃል አልሳቱም። «አንዲት ፍሬም ብቻ መንገድ ላይ መስታወቷ ተሰብሮ ነበር» አሉ። «የምግብ ክፍሏ ናት። ይሁን፣ እንደ ምንም ስቀላት ስለው፣ ‹አይሆንም ጋሼ፤ አሁን ክፍሉን ሳየው ይሄ ግድግዳ ሌላ ቃል ነው የሚፈልገው› አለኝ። ‹ሄጄ ሌላ ይዤልዎት እመጣለሁ› አለኝ። ይሄው፣ ክፍሏ ባዶዋን ቀረች።»

ሰው ከንፈሩን መጠጠ።

«ጋሽ ለገሰ» አለች ሔርሜላ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ስለ ጥቅሶቹ ሌላ የነገረዎት ነገር የለም?»

«ሌላ ምን ልጄ?»

«ማን እንደጻፋቸው።»

ጋሽ ለገሰ ግራ ገባቸው። «እሱ ነዋ! ሠራተኞቹ ሲጠይቁትም ሳቅ ብሎ ዝም ነው ያለው። በራሱ አይመጻደቅም ነበር።»

ሳቅ ብሎ ዝም። ያ ምን ማለት ነው? ሊናገር አስቦ ነው ወይስ ላለመናገር ወስኖ? ሔርሜላ መቼም እንደማታውቀው ገባት። የሚጠየቅ ሰው የለም።

«እኔ ነኝ የጻፍኳቸው» አለች።

ያጠራቀመችው ሁሉ ተግተልትሎ ይወጣል ብላ ነበር፤ መጀመሪያ የወጣላት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «ሁሉንም። ያንንም፣ ቤታችን ጠባብ ነው የሚለውንም። ‹ቆሞ አያውቅም› ነው የሚለው፣ ጋሽ አዲሱ። አይቆምም አይደለም።»

አዲሱ መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ ፊቱን ሐዘን አለበሰው። «አይዞሽ እህቴ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ልክ ነሽ። የሱ ያንቺ ነው። አንድ ነበራችሁ።»

«አንድ ነበርን አላልኩም! ‹እኔ ነኝ› ነው ያልኩት!»

«ውሃ ስጧት» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ሐዘኑ ነው፤ እንዲህ ያደርጋል» አለች አንዲት ሴት።

ሠናይት ተነስታ ትከሻዋን ያዘቻት። ሔርሜላ አስለቀቀቻት። የሚያሳምን አንድ ነገር አላት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ማንበብ አይችልም ነበር። ይህን ብትል በቃ፤ ማንም ውሃ ስጧት አይልም። አብዱልሃኪም ያስታውሳሉ፤ አምባው ስንቴ ፍሬም ገልብጦ ይዞ እንደሳቁበት ያስታውሳሉ። አዲሱም አምባው የራዕዩን ጽሑፍ እያየ አንድም ቀን ጮክ ብሎ እንዳላነበበለት ያስታውሳል። አፏን ከፈተች። ፍራሹ ላይ እናቷን አየቻት። በዛወርቅ አልተቆጣቻትም፤ አልለመነቻትም። ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻዋን ሰብስባ ብቻ ነበር የምታያት።

ሔርሜላ አፏን ዘጋች።

ቀጥለው የተናገሩት አብዱልሃኪም ናቸው። ምናልባት አምነዋት፣ ምናልባት ከሰው ዓይን ሊያወጧት አስበው፣ «እንግዲያው» አሉ፣ «ጋሽ ለገሰ፣ ባዶ የቀረችውን ክፍል ይንገሯት። ትጻፍልዎት፤ ምን ችግር አለው።»

«ደስ ይለኛል» አሉ ጋሽ ለገሰ በችኮላ። «ለነፍሱም መታሰቢያ ይሆነዋል።»

ሔርሜላ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከሰውዬው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «እሺ» አለች። «ክፍሏ ምን ትመስላለች?»

«የምግብ ክፍል ናት። ጠረጴዛዎች አሉ። ክሬም ቀለም ነው የተቀባችው።»

«መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ጓሮ... ጓሮ መሰለኝ።»

«ጓሮው ላይ ምን ይታያል?»

«እንሰት አለ። ያው፣ ጓሮ ነው ልጄ።»

«የምትሰቀለው ከበሩ ፊት ለፊት ነው? ገብቶ የሚያያት ሰው ነው ወይስ ተቀምጦ የሚበላ?»

ጋሽ ለገሰ ወደ ጎን አዩ፤ አብሯቸው የመጣው ሰው እንዲረዳቸው። እሱም ትከሻውን ነቀነቀ።

«ብቻውን የመጣ ሰው የት ነው የሚቀመጠው?» አለች ሔርሜላ። ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። «ሹፌሮቹስ? ምግብ የምታቀርበዋ ልጅ ቆማ የምትጠብቀው የት ነው? የማን ፊት ነው የሚታያት? ጠዋት ብርሃኑ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው? አምባው ምን አይቶ ነው ሌላ ቃል ያለው?»

«አላየሁም ልጄ» አሉ ጋሽ ለገሰ፤ አፍረው። «የገዛ ቤቴ ነው፤ ግን እንዲህ አድርጌ አላየሁትም። እውነቴን ነው።»

ሔርሜላ ዓይኗን ጨፈነች። የክፍሏን ግድግዳ ልታስብ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። ወንበር የሚገለብጥላት፣ «ሔርሚ፣ ስሚ» ብሎ የሚጀምርላት፣ የሰው ቤት ሙሉ ይዞላት የሚገባ ሰው የለም። ስንት ቤት ጻፈች፤ አንዱንም ግን በዓይኗ አላየችም።

«አምባው አይቶት ነበር» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «አይቶት... ሊነግረኝ እየመጣ ነበር።»

ከሆዷ የወጣው ድምፅ ሴቶቹን ሁሉ አስነሳቸው፤ አክስቲቱም ያቋረጡትን ለቅሶ በካፊኛ ቀጠሉ። ማን ደግፎ እንዳነሳት ሔርሜላ አላወቀችም። ራሷን ያገኘችው ፍራሹ ላይ፣ ከእናቷ ጎን ነው። በዛወርቅ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጥታታለች፤ አልነካቻትም፤ ልትነካት አልደፈረችም።

ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው እየመጣ ሰው ይሄዳል። አብዱልሃኪም ሲወጡ ሔርሜላ ፊት ቆም አሉና ጎንበስ ብለው ተሰናበቷት። ጋሽ ለገሰም ሲሰናበቱ፣ «ክፍሏን ራስሽ መጥተሽ እያት፤ መኪና እልክልሻለሁ» አሏት።

እናቷ ለለቅሶ ደራሹ ሁሉ ስታጎነብስ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ፍራሹ ላይ ወድቋል። ብርድ ነበር። ሔርሜላ ወደሷ አልዞረችም፤ ዓይኗን ከድንኳኑ በር ላይ አላነሳችም። በእጇ ብቻ ዳብሳ የነጠላውን ጫፍ አገኘችውና ወደ እናቷ ትከሻ መለሰችው።